ደጃፍ ላይ የቆመችው ሙሽራ

ከባለቤቴ ከአስማረ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ፣ በሽሮ ድስቴ የቀቀላቸውን የቤዝ ጊታሩን ክሮች መልሶ ማስገባት ነው።

ቅዳሜ ነበር። ከገበያ ገብቼ ዘንቢሌን ሳላስቀምጥ ድስቱ ምድጃው ላይ ሲንተከተክ አየሁና፣ ዛሬስ ለምሳ አሰበልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ክዳኑን ሳነሣው አራት የብረት ክሮች ተጠቅልለው ይፈላሉ። ውሃው ጠቁሯል።

«አስማረ!»

«አቤት የኔታ።»

«ይሄ ምንድነው?»

«ክር።»

«ክር መሆኑንማ አየሁት። ድስቴ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«እየታጠበ ነዋ። የጣቴ ላብና ቅባት ገብቶበት ድምፁ ደነዘዘ። ሲቀቀል ይለቃል።»

«ሽሮዬስ?»

«ሽሮሽ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ድምፅ ይኖረዋል።»

ለሚስቱ እንዲህ የሚመልስ ሰው ነበር። አዲስ ክር ከአዲስ አበባ ካልመጣ ቢቸና ውስጥ እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ መንገዱም አንድ ሰሞን ሲከፈት አንድ ሰሞን ሲዘጋ ነው የከረመው። ቢሆንም ሌላ ድስት አለን። ጥቁሩ፣ ውሃ የምናሞቅበት፣ እዚያው አጠገቡ ተደፍቶ ነበር። የኔን መርጦ አነሣ።

ውሃውን ደፍቶ ክሮቹን በፎጣ ካደራረቀ በኋላ እንደ ሁልጊዜው አስቀመጠኝ። ቤዙን ጭኔ ላይ አጋድሜ አንገቱን እይዛለሁ፤ እሱ ክሩን ከታች አስገብቶ ላይኛው መቃኛ ላይ ይጠመጥማል። ወፍራሙን አስገባ። ቀጥሎ ያለውን አስገባ። ሦስተኛውን ሲጨርስ ስልኩ ጮኸ። አስማረ ሬዲዮና የእጅ ስልክ ይጠግን ነበር፤ ደንበኛ መጥቶ ሱቁ በር ላይ ቆሟል። «ቀጭኗን ስመለስ አስገባታለሁ» አለና ጠቅልሎ ወንፊቴን የምሰቅልበት ምስማር ላይ አንጠለጠላት። ወንፊቱን መሬት አስቀመጠው።

ማታ ሲመጣ ደክሞት ተኛ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሳምን፣ ከዚያ ለቅሶ ደረስን። ሰኞ ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ሄዶ ቁልፉን እንደያዘ በሩ ላይ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። እኔ ክፍል ውስጥ እያስተማርሁ ነበር። ያላለቀ ነገር ጥሎብኝ መሄድ ልማዱ ስለሆነ፣ ያን ቀን እንኳ ከድንጋጤዬ ቀጥሎ የመጣብኝ ንዴት ነው።

አስማረ የሞጣ ልጅ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያው ሞጣ በአንድ የሰርግ ባንድ ውስጥ ቤዝ ይጫወት ነበር። ቤዝ ማለት ባለ አራት ክሩ ትልቁ ጊታር ነው፤ ድምፁ ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ ነው የሚሰማው። ሰው ይጨፍርበታል እንጂ አያዳምጠውም። በሰርግ ቪዲዮዎች ሁሉ ካሜራው ዘፋኙን፣ ተወዛዋዦቹን፣ ሙሽሮቹን፣ ፍሪዳውን ሳይቀር ያሳያል። የአስማረ ክርኑ ብቻ ጥግ ላይ ብቅ ትላለች።

የተዋወቅነው ግንደወይን በአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ደቀ መዛሙርት ዜማ ሲማሩ፣ ሲሳሳቱ፣ ሲገሠጹ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ጆሮዬ ያንን ይዞ ቀርቷል፤ አስቀምጠው ብለው አይቀመጥም። በባንዱ አጠገብ ሳልፍ «ሦስተኛዋ ክርህ ወርዳለች» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና ቃኛት። ሰርጉ እስኪበተን ድረስ እንጀራ ባነሣሁ ቁጥር፣ ውሃ በቀዳሁ ቁጥር ከማዶ በዓይኑ «ልክ ነው?» እያለ ሲጠይቀኝ ዋለ። ካገባኝም በኋላ አልተወኝም። ስሜ ቀረና «የኔታ» ተባልሁ። ወጥ እያማሰልሁ ነው፣ ደብተር እያረምሁ ነው፣ ራሴን እየታጠብሁ ነው፣ «ልክ ነው የኔታ?» ይመጣል። «ወርዷል» እላለሁ። «አሁንስ?» «ወጣ።» «አሁንስ?» «አስማረ፣ ሳሙና ዓይኔ ገባ!»

ባንዱን የተወው ወድዶ አይደለም። ስንታየሁ የሚባለው ጓደኛቸው አዲስ ኪቦርድ ገዛ። ኪቦርዱ በቀኝ እጅ ዜማውን፣ በግራ እጅ ቤዙን ያወጣል። ከዚያ በኋላ መኪናው ላይ ቦታ ጠበበ፣ ክፍያው ለብዙ ሰው አይበቃም፣ አንዳንዱ ደጋሽ የሚመገበውን ሰው ብዛት ይጠይቃል ማለት መጣ። አስማረ ገባውና ቤዙን ተሸክሞ ሞጣን ትቶ እኔ ወደምሠራበት ወደ ቢቸና መጣ። ያን ዕለት እራት ላይ እጁን ሳይታጠብ ተቀምጦ፣

«በአንድ እጁ እኔን ሠራኝ» አለ።

«ይሁና። ሱቅ ክፈት።»

«እከፍታለሁ። ግን በአንድ እጁ እኔን ከሠራኝ፣ እኔ በሁለት እጄ እነሱን ሁሉ እሠራቸዋለሁ።»

የብሽቀት ንግግር መስሎኝ ነበር። ለካ የምነግርሽን ስሚ ማለቱ ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ውስጥ አንድ ሙሉ ባንድ ይኖር ጀመር፤ ያውም የሚያጠና እንጂ የማይጫወት ባንድ።

ያደርግ የነበረውን እንዳየሁት ልጻፍ። የቀኝ እጁን አውራ ጣት በአጥንቱ በኩል ወፍራሙ ክር ላይ ይመታዋል፤ ከበሮ ይሆናል። በሌባ ጣቱ ደግሞ ቀጭኗን ከሥር ስቦ ይለቃታል፤ ጠመንጃ እንደማቀባበል ያለች ድምፅ አላት። በግራ መዳፉ ክሮቹን አፍኖ ሲመታቸው ዜማ የሌለው ጠብ ጠብ የሚል ነገር ይወጣል፤ ያ ጭብጨባው ነው። ጣቱን ክሩ ላይ ሳያነሣ ከታች ወደ ላይ ሲያንሸራትት እልልታ ይሆናል። ከሁሉ የሚከብደው ማሲንቆው ነበር። ቀኝ እጁ ከበሮውን ሳያቋርጥ የግራ እጁ ጣቶች ብቻቸውን አንገቱ ላይ እየወደቁ፣ ማንም ክሩን ሳይገርፍላቸው፣ ዜማውን ያወጡታል። ሁለት እጆቹ የሁለት ሰዎች ይመስሉ ነበር። ፊቱ የሦስተኛ ሰው ነው፤ አፉ ተከፍቶ ይቀራል። ዝጋው እለዋለሁ፤ አይሰማኝም።

አንድ ነገር ብቻ ለኔም አሳይቶኛል። ክሩን አንገቱ ላይ ካሉት ብረቶች ጋር ሳያጣብቁ፣ በጣት ጫፍ ነካ አድርገው እየመቱ ቶሎ ሲለቁት ደወል የመሰለ ንጹሕ ድምፅ ይሰጣል። ቦታዋ ጠባብ ናት፤ የስንዴ ፍሬ ታህል ከራቁ ዝም ትላለች። «አትጫኚው» ይለኝ ነበር እጄን ይዞ። «ንኪው ብቻ። እንዳልነካሽው ሆነሽ ንኪው።» ሞከርሁ፣ እምቢ አለኝ፣ ተውሁት። ድስት የሚጠብቀኝ ሰው ነኝ።

ይህን ሁሉ የሚያጠናው በቤዙ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረ። ጣቶቹ የማይመቱት ነገር አልነበረም። ጠረጴዛ፣ የባጃጅ በር፣ ቅዳሴ ላይ መቋሚያውን፣ አልጋ ላይ ጀርባዬን። አንድ ጊዜ የጁቤ ከተማ ለቅሶ ሄደን የተቀመጥንበትን አግዳሚ ሲመታ የሟቹ እናት እንባቸውን አቁመው አዩን። በጉልበቴ ጎሸምሁት። «ምን አደረግሁ?» ይለኛል፣ ጮክ ብሎ።

ደግሞ አንድ ቀን የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ማንገቻ ተቆርጦ አገኘሁት። የበገና ክሮች ከሥራቸው ቁራጭ ቆዳ ይደረግላቸዋል፤ ያ እርግብግብ የሚል ድምፃቸው የሚመጣው ከዚያ ነው። አስማረም ቤዙን እንደ በገና እንዲያንጎራጉር ብሎ ከማንገቻዬ አራት ቁራጭ ቆርጦ ክሮቹ በሚያርፉበት ብረት ላይ ሸጎጣቸው። ቦርሳውን በገመድ አንጠልጥዬ ክፍል ገባሁ። ተማሪዎቼ ሳቁብኝ። ማታ ስናገረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጥሩ ቆዳ ነው። ከሌላው ሁሉ እሱ ነው ያማረው።»

ይህ ሁሉ ልፋት ለአንድ ሥራ ነበር። አንድ ብቻ። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ያለውን ሁሉ፣ ከበሮውንም፣ ጭብጨባውንም፣ እልልታውንም፣ ማሲንቆውንም፣ መኪናው ርቆ ሲሄድ የሚቀረውንም ዝምታ ሳይቀር በቤዝ ብቻ ልጫወተው ብሎ ተነሣ። መነሻው ያምራል፤ ውሸት አልናገርም። ከበሮው ከሩቅ ይጀምራል፣ ጭብጨባው ይገባበታል፣ ቤቱ ይሞላል፣ ሙሽራዋ ትነሣለች፣ ደጃፉ ጋ ትደርሳለች። ልክ እዚያ ላይ ያቆማል። «አልሆነም» ይላል። ከመጀመሪያው።

ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ። ያቺ ሙሽራ ደጃፍ ላይ እንደቆመች ቀረች።

«አውጣት እንጂ አንተ ሰው!» እላለሁ ከጓዳ።

«ገና ጫማዋን አላሰረችም።»

«እኔ በሷ ቦታ ብሆን ተመልሼ እገባ ነበር!»

«አንቺማ ተሯሩጠሽ ነው የወጣሽ። አይቻለሁ።»

ልጆች አልነበሩንም፤ ለቤቱ የሚሆን ጫጫታ ግን አላጣሁም።

አንድ ዓመት ለትምህርት ቤታችን የመዝጊያ በዓል እንዲጫወት አደረግሁ። በሰው ፊት ከሆነ ሳይወድ በግዱ ይጨርሳታል ብዬ ነው። ወንበሩ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ወላጅ ሞልቷል። ጀመረ፤ እንደዚያ ቀን አሳምሮ ተጫውቶ አያውቅም። ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ለጎረቤታቸው «ዘፋኙ ዘገየ መሰለኝ» አሉ። አንዱ ከኋላ «ሰውየው ብቻውን ተረስቶ ነው እንዴ?» ይላል። ሙሽራዋ ደጃፉ ጋ ደረሰች። አስማረ ቆመ፤ አንዲቱን ክር ቃኘ፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ፈልጎ ዓይኔን አገኘና «ልክ ነው?» አለኝ በአገጩ። በዚያች ፋታ የመድረክ መሪያችን ድምፅ ማጉያውን አነሣ። «ለድምፅ ፍተሻው ወንድማችንን እያመሰገንን፣ አሁን ወደ ዋናው ዝግጅታችን እንገባለን።»

ተጨበጨበለት። አስማረም ቤዙን አቅፎ እጅ ነሥቶ ወረደ። እኔ ምድር ብትውጠኝ በወደድሁ። እሱ ወደ ቤት ስንሄድ «ድምፁ ግን ጥሩ ነበር አይደል?» ብሎ ይጠይቀኛል።

ቤዙ ያለ መብራት ድምፅ የለውም። እኛ ጋ ደግሞ መብራት እንግዳ ነው። ሲጠፋ የሱቁ ሥራም ይቆማል፤ ብረት የሚያቀልጥበት መሣሪያው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ዘግቶ ወደ ቤት ይመጣል። ታዲያ እፎይ ያልሁ መስሎኝ ነበር። ምን ያደርጋል፣ የቤዙን ራስ ቁም ሳጥኔ ላይ ጫን አድርጎ ቢመታው ቁም ሳጥኑ እንደሚያስተጋባ ደረሰበት። ልብሶቼ የተሰቀሉበት ብረት ይንጫጫል፣ ከላይ ያስቀመጥሁት ብርጭቆ ይዘላል፣ አንድ ነገር ላወጣ በሩን ስከፍት «ዝጊው፣ ዝጊው፣ ድምፁ ይወጣል!» ይለኛል። የገዛ ልብሴን ለመልበስ ፈቃድ የምጠይቅ ሴት ሆንሁ።

ቁም ሳጥኑ የቆመው ከእማሆይ አትጠገብ ጋር በምንጋራው ግድግዳ በኩል ነው። ግድግዳው ስስ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ኮርኒሱም ከላይ አንድ ነው። እማሆይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የደፉ ጎረቤታችን ናቸው። በሁዳዴ ጾም መብራት በጠፋ በማግስቱ፣ በሳህን ትኩስ ንፍሮ ይዘው መጡ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጆቼ» አሉ። «በዚህ ጾም በገና የሚደረድር ሰው አጠገቤ አምጥቶልኛል። ትናንት ስሰግድ አልደከመኝም።»

እኔና አስማረ ተያየን። በግድግዳው በኩል ሲያልፍ፣ ያ የቦርሳዬ ቆዳም ሲያርገበግበው፣ በገና ሆኖ ተሰምቷቸዋል። አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጥሁት።

መብራቱ ሲመጣ በማጉያው ከፈተው። ቀስ አድርጎ ነው፤ ግን ጎረቤት አለ አይደል። እማሆይ በመቋሚያቸው በሩን መቱ።

«ያ በገና የሚደረድረው እንግዳችሁ ሄደ?»

«እ... አዎ እማሆይ፣ ለጊዜው ሄዷል» አልሁ።

«ይሄ አስጨፋሪው ነው የቀረው? አስማረ ልጄ፣ በጾም ምን ሆነሃል? ያን እንግዳህን ምሰል እንጂ!»

እንዲህ ሆነን ጾሙ ተጋመሰ። መብራት ሲጠፋ እንግዳችን ይመሰገናል፤ ሲመጣ አስማረ ይወቀሳል። እኔ እንደዚያው ይቀጥል ባይ ነበርሁ፤ ሴትዮዋ ተጽናኑ፣ ምን ጎደለ? አስማረ ግን እህል አልበላ አለው። «ሰው አንድ ጊዜ አዳመጠኝ፣ እሱንም ሌላ ሰው ነው ብሎ» አለኝ። ከሆሳዕና በፊት ቤዙን ተሸክሞ ሄደና ነገራቸው። ቀይ ቀለም የተቀባውን፣ ሽቦ የሚሰካበትን ነገር ሲያዩ አማተቡ። የጮሁትን በግድግዳው ሰማሁ። ቀጥሎ አስማረ ይቅርታ እየጠየቀ ሲሰግድ ጉልበቱ መሬቱን ሲመታ ሰማሁ። መቼስ አያስችለውም፣ አመታቱ የከበሮ ልክ ነበረው።

እስከ ፋሲካ አላናገሩንም። ከፋሲካ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ግድግዳው ተንኳኳ።

«አስማረ! መብራት ሄዷል እኮ!»

«አዎ እማሆይ፣ ሄዷል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ለግድግዳው ይጫወት ነበር። እኔ ቀን ትምህርት ቤት ነኝ። ስመለስ እንደገና ያችኑ መነሻዋን፣ «ልክ ነው የኔታ?»ን፣ ደጃፉንና «አልሆነም»ን እሰማለሁ።

አርባው ካለፈ በኋላ ያ ኪቦርድ ተጫዋቹ ስንታየሁ ከሞጣ መጣ። ለቀብሩም መጥቶ ነበር፤ በጣም ያለቀሰ እሱ ነው። ዞር ዞር ብሎ የመጣበትን ተናገረ።

«እትዬ፣ አሁን ሙሽሮች በስልክ እያዩ የእውነት ቤዝ ያለው ሙሉ ባንድ ይሁን ማለት ጀምረዋል። ሰው አግኝተናል፤ መሣሪያ የለውም። የአስማረ ቤዝ እንዲሁ አቧራ ከሚጠጣ... እርስዎ ምን ያደርጉበታል?»

ምን አደርግበታለሁ? ከቤቴ እንዲወጣ ስመኘው የኖርሁት ዕቃ ነው። ቁም ሳጥኔ የልብስ ማስቀመጫ ይሆንልኛል። ግን ደግሞ ያባረሩት ሰዎች መሆናቸው ከነከነኝ። «ውሰደው» አልሁት በመጨረሻ። ስንታየሁ አነሣውና ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ራሱን ቁም ሳጥኑ ላይ አስደግፎ ጥቂት መታ መታ አደረገው። «አንድ ክር ጎድሎታል» አለ። ከምስማሩ ላይ ላመጣለት ወደ ጓዳ ገባሁ።

ስወጣ እማሆይ በሩ ላይ ቆመዋል። መብራት ጠፍቶ ኖሯል፤ አላስተዋልሁም።

«እሱ መስሎኝ አይደለም የመጣሁት» አሉ ገና ሳልጠይቃቸው። «እጁ እንዳልሆነማ ከመጀመሪያው ለየሁት።» ተቀመጡና ስንታየሁን ትክ ብለው አዩት። «አንተ ያቺን መጨረሻዋን ታውቃታለህ?»

«የትኛዋን እማሆይ?»

«ያቺን ነዋ፤ ስትወጣ፣ ስትወጣ ሄዳ፣ ርቃ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ደወል አንዴ የምትለዋን።»

ክሯን እንደያዝሁ ቆምሁ። «እማሆይ፣ መጨረሻ የላትም እኮ። ደጃፉ ላይ ነው የሚያቆመው።»

«ማነው ያለሽ? ስንቴ ሰምቻታለሁ! አንቺ ትምህርት ቤት ስትሆኚ አይደል የሚጫወታት። እኔማ ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ነው ብዬ አለቅስ ነበር። ኋላ ብጠይቀው የለም እማሆይ፣ ሙሽራ ናት፣ እሷን ከመሪጌታ ቤት ስወስዳት ነው አለኝ።»

«ለኔ ለምን አልተጫወተልኝም ታዲያ?»

«ጠየቅሁት። እሷ ጆሮዋ ክፉ ነው አለኝ። እርስዎ ስሳሳት ይምሩኛል፣ እሷ ትሰማዋለች። ለሷ አንዲት ሳትነቀፍ ነው የምጫወትላት፣ አንድ የምትቀር አለች፣ ያቺን ላስተካክል አለኝ።» መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ ነካ አደረጉ። «ቅዳሜ ነው ክሮቹን አጠበ ያልሽኝ? ለዚያች ለቀረችው ይሆናል።»

እስቲ ይሄ ምን ዓይነት ሰው ነው? ስንት ዘመን መነሻዋን እየጋተኝ፣ መድረሻዋን ለጭቃ ግድግዳ! ያቺ ሙሽራ እኔ ከነበርሁ፣ ከደጃፉ ስወጣ ራሴ መስማት አልነበረብኝም? ቢሳሳትስ? «ወርዷል» እለው ነበር፣ ይቃኘው ነበር፣ ከዚያ ይጨርሳት ነበር። ስንት ዓመት እንዲህ አይደል የኖርነው? በሕይወት ቢኖር ያን ቀን ተጣልተን አንበላም ነበር። ማንን ልጣላ? ስንታየሁ ቤዙን ጭኑ ላይ እንደያዘ ነው።

«አስቀምጠው» አልሁት።

«ሌላ ጊዜ ልመለስ እትዬ?»

«ሌላ ጊዜም አይደለም። ቤዙ አይሄድም። አንተ ግን ለምሳ ቆይ።»

ሽሮ በላን። በዚያው ድስት።

ሲሄዱ ቤዙን ጭኔ ላይ አጋደምሁና አራተኛዋን ክር አስገባኋት። አንገቱን የሚይዝልኝ ስለሌለ ሁለቴ ከእጄ ሾልካ ፊቴን ገረፈችኝ። ግን ገባች። ቃኘኋት። ልክ መሆኗን ማንንም አልጠየቅሁም።

እማሆይን መጨረሻዋን አንጎራጉሩልኝ ብዬ ብለምናቸው ተቆጡኝ። «ቆቤን ደፍቼ ዘፈን?» አሉ። ብዙ ከተነታረክን በኋላ አንድ ነገር ላይ ተስማማን፤ እኔ እሞክራለሁ፣ እሳቸው በዚያ በኩል ሆነው ይሰማሉ። ካልሆነ ግድግዳውን አንዴ ያንኳኳሉ። መጀመሪያ የክሯን መሃል ነካኋት፤ ደነዘዘችብኝ። ደጋግሜ እንዳልነካኋት ሆኜ ነካኋት፤ አንድ ደወል ወጣ። ደስ ብሎኝ ዝም ብዬ ሳዳምጥ ግድግዳው አንዴ ተንኳኳ።

«ከሱ ከፍ ትላለች!» አሉ። «አንቺ ጆሮ አለሽ ይሉሻል እንዴ?»

ትምህርት ቤት እውላለሁ፤ ደብተር አርማለሁ። መብራት ሲጠፋ ቤዙን ቁም ሳጥኑ ላይ አስደግፌ፣ ቀጭኗን ክር ሳልጫናት እየነካሁ ያቺን ደወል እፈልጋለሁ።